በተሳላሚው መንገድ ዳር የተነሳ ክርስትና

ከጋይንት ወደ ላሊበላ በእግር በሚኬድበት የተሳላሚ መንገድ ዳር፣ ገደል ተጠግታ የቆመች ትንሽ የሣር ክዳን ቤተ ክርስቲያን ነበረች። ለገና የሚሄዱ ሁሉ ደጇን ስመው ያልፋሉ። በዚያ ዓመት ግን መንገዱ ጭር ብሎ ነበር። ደርግ ለውትድርና ያፍስ ስለነበር ወንዶቹ፣ ባለቤቴም ጭምር፣ ቆላ ወርደው ተደብቀዋል።

የወንዱ ልጄ አርባ ቀን የደረሰው በዚህ መሐል ነው። ጡት ከተወ ሦስት ቀኑ ነበር። ከእሱ በፊት የወለድኳት ሴት ልጄ ክርስትና ሳትነሳ ሞታ ያለ ፍትሐት ተቀብራለች። ይህም እንዳይደገምብኝ ፈርቼ ጎሕ ሲቀድ ከአማቴ፣ ከባለቤቴ እናት ጋር ወጣሁ። በመንገዳችን ሁሉ ውሻ እንኳ አልጮኸብንም።

ቄሱ ደጁ ላይ ቆመዋል።

«የክርስትና አባቱስ?»

«ሸሽቷል፣ አባቴ።»

«ታዲያ ማን ሊይዘው ነው?»

አማቴ ተቆጡ። «ወንዱ ሁሉ ገደል ገብቶ ከዝንጀሮ ጋር ነው! ከየት እናምጣልዎ?»

ከቅጥሩ ሥር ጋቢ ተከናንቦ የተቀመጠ እንግዳ ሳቀና ተነሣ። «እኔ ልያዘው፣ አባ።»

ከጋቢው ሥር የወታደር ሱሪ ታየኝ። ከጦሩ የከዳ መሆኑ ለሁላችንም ገባን።

«ሚሊሻዎቹ ትናንት እዚህ ነበሩ» አሉት ቄሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው። «ዛሬም አይቀሩም። መንገድህን ብትቀጥል ይሻልሃል።»

«ሕፃኑ ይቅደም።»

በሥርዓቱ ሰይጣንን ለመካድ ልጁን ታቅፎ ወደ ምዕራብ ዞረ። የመጣንበት መንገድ በዚያ በኩል ነው። ቃሉን ከቄሱ እየተቀበለ ሲል ድምፁ ተቋረጠ። ዞር ብዬ አየሁ። ጠመንጃ የያዙ ሦስት ሰዎች ዳገቱን እየወጡ ነበር።

በስተጀርባው ቁልቁለቱ ክፍት ነው። ልጁን አቀብሎኝ ቢሮጥ ያመልጥ ነበር። ወደ እኔ ተመለከተ። እጄን አልዘረጋሁለትም። እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ቃሉን ጨረሰ። ከዚያ ወደ ምሥራቅ ዞሮ፣ ጀርባውን ለሚመጡት ሰጥቶ፣ ጸሎተ ሃይማኖትን እስከ መጨረሻው ደገመ። ሰዎቹ ደርሰው ባርኔጣቸውን አወለቁና ደጁ ላይ ጠበቁ። ልጄ ተጠመቀ፣ ሜሮን ተቀባ፣ ማተብ ታሰረለት።

«ያሳድግልሽ፣ እቱ» ብሎ ሰጠኝና ወደ እነሱ ሄደ።

ልጄ ስንመለስ መንገድ ላይ ጡት ያዘ። ዛሬ እሱም የልጆች አባት ነው። ያንን ሰው የት እንዳደረሱት አላውቅም። የክርስትና ስሙን ግን ከቄሱ ጠይቄ ይዣለሁ። ስለ ሕያዋን ሲጸለይ እጠራዋለሁ፤ ስለ ሙታን ሲጸለይም እጠራዋለሁ።