በፈረንሳይኛ የማይፈራው ተካ

ተካ በፈረንሳይኛ ፈርቶ አያውቅም። በፈረንሳይኛ መንግሥት ገሥጿል፣ ሚኒስትር አሸማቅቋል፣ የጅቡቲን የወደብ ሹም ሆዳም ብሎ እዚያው ወደቡ አጠገብ ዘፍኖበታል፤ ያውም ሹሙ ለዕረፍት በሄደ ሳምንት። በአማርኛ ሲሆን ግን ጎረቤት የቆሻሻ በርሜሉን በሩ ላይ ቢደቅንበት እንኳ «ምንም አይደል» እያለ ራሱ ገፍቶ የሚመልስ ሰው ነው። ሚስቱ የትምወርቅ «የኔ ጀግና፣ የሚሰማህ ሰው እስኪገኝ ድረስ ማንም አይችልህም» ትለዋለች።

ፈረንሳይኛውን ያገኘው ድሬዳዋ ነው። አባቱ ባቡር ጣቢያ ይሠሩ ነበር፤ ያኔ የባቡሩ ነገር ሁሉ፣ ደረሰኙም ቁጣውም፣ በፈረንሳይኛ ነበር። ጊታሩን ደግሞ ወደ አገሩ የተመለሰ አንድ ፈረንሳዊ መካኒክ ጥሎለት ሄደ። የመጀመሪያ ዘፈኑን የደረሰው ሠራተኞቹ ሥራ ያቆሙ ጊዜ ነው። ሁለት ሳምንትም ታሰረ። እሱ «በዘፈኔ ነው የታሰርኩት» ይላል። የትምወርቅ ደግሞ «በሰዓት እላፊ ነው እንጂ፤ እኔን ቤት አድርሶ ሲመለስ ነው የያዙት» ትላለች። በዚህ ነገር ተስማምተው አያውቁም።

በጅቡቲ አድርገው አሜሪካ፣ ሚኒሶታ የገቡት በፈረንጁ ሁለት ሺህ ዓመተ ምሕረት ነው። ተካ ካርታው ላይ ኒኮሌትና ሄነፒን የሚሉ የፈረንሳይ ስም ያላቸው መንገዶች ሲያይ «ይሄማ የፈረንሳይ አገር ነው!» ብሎ ፈነደቀ። በማግስቱ ሪችፊልድ ላይ አውቶቡስ አስቁሞ የመንገዱን ስም በጥሩ ፈረንሳይኛ ቢጠራው፣ ሾፌሩ አፍጥጦ አየውና በሩን ዘግቶበት ሄደ። አንድ ጊዜ ላይብረሪ ውስጥ ኮንሰርት አደረገ። ዘጠኝ ሰው መጣ። ጥር ነበርና ሦስቱ የመጡት ሙቀት ፍለጋ ነው፤ ከሁሉ አብልጠው ያጨበጨቡትም እነሱ ናቸው።

ባልና ሚስቱ የሚሠሩት ብሉሚንግተን፣ ኤርፖርቱ አካባቢ ካለ ሆቴል ነበር። እሱ ምድር ቤት፣ አንሶላ የሚታጠብበት ላውንደሪ፣ እሷ ፎቅ ላይ ክፍል ጽዳት። ሱፐርቫይዘሩ ደጀኔ ክፉ ሰው አልነበረም። ሁሉንም ሥራ ያስገባቸው እሱ ነው። ብቻ የበላዮቹን ደስ አሰኛለሁ ሲል የሴቶቹን የምሳ ብሬክ ቀስ በቀስ በላው። የትምወርቅና ጓደኞቿ አንሶላ በሚቀመጥባት ጠባብ ክፍል ተደብቀው፣ ቆመው ይጎርሱ ነበር። የሚናገረው አልተገኘም። ከእንጀራ ያገናኘን ሰው በምን አፍ ይናገሩታል? ተካ ግን ሲሰማ ደሙ ፈላ፤ እንደ ልማዱም በፈረንሳይኛ ዘፈን ደረሰበት። የደጀኔን ስም ሳይቀር አስገባበት።

በሁለት ሺህ ስድስት ሰመር የደጀኔ ልጅ ምሥጋና ሃይስኩል ጨረሰችና ዉድበሪ ቤታቸው ድግስ ሆነ። የጋራዡ በር ተከፍቶ፣ ወንበር ተደርድሮ፣ ተካ ጊታሩን ይዞ መጣ። ዞር ዞር ብሎ አየና ፈረንሳይኛ የሚሰማ አለመኖሩን አረጋግጦ ያንኑ ዘፈን ለቀቀው።

መቼም በእኛ ወግ ዘፋኝ ስም ከጠራ ሊያወድስ ነው። ደጀኔ ስሙ ሲጠራ ጊዜ ብድግ አለ፤ ትከሻውን እየሰበቀ መጥቶ ሃያ ዶላር ግንባሩ ላይ ለጠፈለት። ሰዉ እልል አለ።

«ድገመው!» አለ ደጀኔ።

ደገመው። የትምወርቅ ሳቋን ለመዋጥ ሳምቡሳ ብትጎርስ ትን ብሏት ልትሞት ነበር።

ዘፈኑ እንዳለቀ ምሥጋና ወደ ተካ መጥታ አንድ ነገር ተናገረች። በፈረንሳይኛ! ተካ ዓይኑ እንባ አቀረረ። ስድስት ዓመት ሙሉ በዚህ ቋንቋ «ደህና ዋልክ» ያለው ሰው አልነበረም። ሳቀ፣ እጁን እያወናጨፈ መለሰላት። እሷም ቀጠለች። ያን ጊዜ ፊቱ እንደታጠበ አንሶላ ነጣ።

«ምን አለችህ?» አለች የትምወርቅ።

«ትምህርት ቤት አራት ዓመት ተምሬዋለሁ አለችኝ።»

«እና?»

«ገባኝ አለችኝ።»

«ምኑ?»

«ሁሉም።»

የትምወርቅ ክንዱን ቆነጠጠችው። የሁለቱም ሥራ፣ በዚያም የሚከፍሉት የቤት ኪራይ በደጀኔ እጅ ነው። «ዘፈን ነው በላት! ድሬዳዋ የነበረ ሌላ ደጀኔ ነው በላት!» ብላ አንሾካሾከች። ተካም አፉን ሊከፍት ነበር። ልጅቱ ግን ፊቷን ወደ እሷ አዞረች።

«አንቲ የትምወርቅ፣ ሪሊ ላንች የላችሁም?»

በአማርኛ ነው የጠየቀቻት፤ በተሰባበረም ቢሆን። የትምወርቅ ዕድሜዋን ሙሉ በባሏ ፍርሃት ስትስቅ ኖራ አሁን ተራው የእሷ ሆነ። የሳምቡሳውን ሰሃን ወንበር ላይ አስቀመጠች።

«የለንም፣ የኔ ልጅ» አለች። «አንሶላ ቤት ቆመን ነው የምንበላው።»

ደጀኔ ከኋላቸው ቆሞ ኖሯል። «ምን እየተባለ ነው? ጋሼ ተካ፣ ዘፈኑ ምንድን ነው የሚለው?»

ተካ ሚስቱን አየ። ከዚያ ጊታሩን ከአንገቱ አወረደና ስንኙን አንድ በአንድ፣ ያለ ዜማ፣ በአማርኛ ነገረው። ድምፁ ፊደል እንደሚያስቆጥሩት ልጅ ቀጥኖ፣ ግን አንዲት ቃል አላስቀረም።

ደጀኔ ሰምቶ ጨረሰና «ታዲያ ስለጥፍልህ ዝም ትለኛለህ?» አለ። «ደግሞ ድገመው ስልህ ትደግማለህ!»

«አንተ ነህ ያልከኝ» አለ ተካ።

ልጅቱ አልሳቀችም። «ዳድ፣ ኢዝ ኢት ትሩ? እውነት ነው?» አለችው። ደጀኔም በረዶ ላምጣ ብሎ ወደ ውስጥ ገባ። አልተመለሰም።

 ሰኞ ማለዳ የሽፍት ሰሌዳው ላይ አዲስ ወረቀት ተለጥፎ ተገኘ፦ ምሳ፣ ግማሽ ሰዓት፣ ለሁሉም። ደጀኔ ባልና ሚስቱን አንድ ወር ሙሉ ሰላም አላላቸውም። ተካን ከላውንደሪ አንስቶ ሌሊቱን ሎቢ እንዲያጸዳ አደረገው፤ በረዶ እስኪጥልም እዚያው አቆየው። ተካ አላጉረመረመም። «በዘፈኔ የተቀጣሁት ይሄ ነው» እያለ ለሰው ያወራል። በዚህኛው የትምወርቅ አልተከራከረችውም።

በመስከረም ምሥጋና ኮሌጅ ሄደች፤ ተካም ፈረንሳይኛ የሚያናግረው ሰው እንደገና አጣ። ወደ ላውንደሪ ሲመለስም ሴቶቹ በምሳ ሰዓታቸው ቁጭ ብለው «ያንን ዘፈን በአማርኛ አድርግልን» እያሉ አስጨነቁት። አሁን በእረፍቱ ቀን ጠረጴዛው ላይ አቀርቅሮ ይጽፋል፣ ይሰርዛል። «ነይ እስቲ፣ ቤት የሚመታ አምጪልኝ» ይላታል የትምወርቅን። ታመጣለታለች። ብዙውን ጊዜ ስድብ ነው፤ እሱም ይጽፈዋል።