መዳፍዎን የጠበቀው መኪና

ጋሼ፣ ካረፉ ወዲህ አዳማ ያለውን ጋራዥዎን ትናንት ለመጀመሪያ ጊዜ ከፈትኩት። ቁልፉን ለእኔ ለወንድምዎ ልጅ ነው የሰጡኝ።

ያ የአዳሚ ቱሉ ቲማቲም የሚጭነው ደንበኛዎ መጣ። የፒክአፑ የፊት ሞላ አንዱ ተሰብሯል። «እህቴ፣ ቸኩያለሁ፤ የተሰበረውን ብቻ ቀይሪልኝ» አለኝ።

እርስዎ ሁልጊዜ የሚሉትን አልኩት፦ «አንዱ ከተሰበረ ሌላውም ደክሟል። የሞላውን ንጥረት የሚያበርደው ሾክም ከደከመ አዲስ ሞላ አይችልም።»

ሳቅ አለና የመኪናውን ቁልፍ አቀበለኝ። አዲሶቹን ሞላዎች ከአሮጌዎቹ ጎን አቁሜ ቁመታቸውን አስተያየሁ፤ የሚስማማቸውን ሾክ መርጬ ግራና ቀኙን ቀየርኩለት።

ሞተሩን አስነሳ፤ ግን አልሄደም። ያ ሁሉ ችኮላ የት እንደገባ እንጃ። ኋላ ነው የገባኝ፤ እርስዎን እየጠበቀ ነበር። ከመኪናው ኋላ ቁጢጥ ብለው፣ አንድ ዓይንዎን ጨፍነው እኩል መቆሙን ሳያዩ፣ ከዚያም ቦዲውን በመዳፍዎ መታ አድርገው «ሂድ በል!» ሳይሉ ከዚህ ግቢ የወጣ መኪና የለም።

ሄጄ እንደ እርስዎ ቁጢጥ አልኩ። መኪናው እኩል ቆሟል፣ ጋሼ። እጄን አነሳሁ፤ ቦዲው ላይ ማሳረፍ ግን አቃተኝ።

ደንበኛዎ በመስታወቱ አየኝና ሞተሩን አጠፋ።