ማቀባበያው በቀኝ ነው

ባለፈው ልጄ ስቶክሆልም ባለችው ጠባብ ሳሎናችን ጌም ሲጫወት፣ ስክሪኑ ላይ አንድ ክላሽ አየሁ። የያዝኩትን ሰሃን አስቀምጬ ቀረብ አልኩና ማቀባበያውን ፈለግሁ። በቀኝ ነው። «እማ፣ ምን ፈልገሽ ነው?» አለኝ። ምንም አልኩት።

ልጅ እያለሁ ታላቅ ወንድሜ ዳዊት ከሽሮ ሜዳው ጌም ቤት አይጠፋም ነበር። በመጋረጃ ፋንታ ብርድ ልብስ የተሰቀለባት፣ የልጆች ላብና የጋለ ፕላስቲክ የሚሸትባት የቆርቆሮ ክፍል ነበረች። አንድ ቅዳሜ ከሰዓት እንድጠራው ተልኬ እምቢ ቢለኝ፣ አባባ ራሱ መጣ። አባባ ሸማኔ ነው፤ ቀድሞ ወታደር ነበር፤ ስለ ውትድርናው ግን ትንፍሽ ብሎልን አያውቅም። ልጆቹ ቁጣ ጠብቀው ጸጥ አሉ። እሱ ስክሪኑ ላይ ማቀባበያው በግራ የተሠራውን ክላሽ አየት አደረገና፣ «ይሄን የሠራው ሰው ክላሽ ይዞ አያውቅም። ማቀባበያው በቀኝ ነው» አለ። አንዱ ልጅ፣ «ጋሼ፣ ግቡና አሠልጥኑን» ሲል ቤቱ በሳቅ ፈረሰ።

ከዚያ ወዲያ ዳዊት ከጌሙ ስህተት እየለቀመ ወደ አባባ መሮጥ ሆነ ሥራው። አባባም ከሸማው ጉድጓድ ሳይወጣ፣ መወርወሪያውን እንደ ጠመንጃ ደግኖ ያርማል። የክላሹ ካዝና ሠላሳ ጥይት ጎርሶ እንዴት አያልቅበትም? ቀኑን ሙሉ የሚሮጥ ወታደር እንዴት ውኃ አይጠማውም? እኔ ክር እየጠቀለልኩ አዳምጣለሁ። አባባን እንደዚያ ሲያወራ አይተነው አናውቅም ነበር፤ በልቤ፣ እግዚአብሔር ይመስገን፣ ጌሙ አባቴን አናገረልኝ እል ነበር።

አንድ ቀን ዳዊት፣ ጌሙ ውስጥ የተመታ ሰው ትንሽ ቆይቶ ከመሬቱ እልም ይላል፣ እሱስ ልክ ነው ወይ ብሎ ጠየቀ። የአባባ እጅ ቆመ።

«አይ ልጄ፣ የወደቀ ሰው አይጠፋም። እዚያው ነው የሚሆነው፣ ዓይንህ ሥር።»

ያን ቀን ሌላ አልሸመነም። ዳዊት ግን ከሰማው ሁሉ ይቺን ሳይረሳት አልቀረም፤ ሲያድግ ወታደር ሆነ። ሲሸኘው አባባ ያረመው ነገር የለም፤ የሸሚዙን ኮሌታ ብቻ አስተካከለለት።

ይኸው ድምፁ ከጠፋ ዓመታት ሆኑ። ስልኩ አይጠራም፤ አለ የሚለንም፣ ሞተ የሚለንም የለም። ሁሉን ሲያርም የኖረው አባቴ በዚያች በአንዷ ተሳሳተ፤ ወንድሜ እልም አለ።

እዚህ ቤተ ክርስቲያናችን የጸሎት ስም ስንሰጥ ዲያቆኑ ሁለት ወረቀት ይይዛል፤ የሕያዋንና የሙታን። ባለፈው እሑድ የወንድሜን የክርስትና ስም ነገርኩት። «እኅቴ፣ የትኛው ላይ ልጻፈው?» አለኝ። ቆይ ብዬው ወጣሁና ለአባባ ደወልኩ።

«በሕያዋን አስጽፊው» አለኝ። የሸማውን ድምፅ ብጠብቅ የለም። ቆየና፣ «እንጃ ልጄ፤ አንቺ እንዳየሽ» አለ።

ያኔ እኮ ማቀባበያው በየት በኩል እንደሆነ ለአፍታ እንኳ አይጠራጠርም ነበር።