ተራዬ እስኪደርስ

ኮምፒውተር መገጣጠም ለእኔ አዲስ ነገር አይደለም፤ የመሥሪያ ቤታችንንም የምጠግነው እኔ ነኝ። ደብረ ብርሃን በተከራየኋት ክፍል የራሴን የጌም ኮምፒውተር ልሠራ ስነሣ ግን ሌላውን ዕቃ ሁሉ አሟልቼ ፕሮሰሰሩ ላይ ስደርስ ቆምኩ። ፕሮሰሰር የማሽኑ አሳቢ ክፍል ነው፤ በእሱ ከተሳሳቱ የቀረው ጌጥ ነው።

ዕቃ የሚያስመጣልኝ ባለሱቅ ቁጥብ ሰው ነው። ሁለት ፕሮሰሰር ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠና የምጫወተው ምን ዓይነት ጌም እንደሆነ ጠየቀኝ። ነገርኩት። ተጫዋቹ ከተማ ይቆረቁራል፣ ያርሳል፣ ጦር ያዘምታል፤ ተራውን ሲጨርስ ለሌላው ይለቃል።

"ከማን ጋር ነው የምትጫወቺው?"

ምን አገባው! ደሜ ፈላ። እሱ ግን ለወሬ ብሎ አልነበረም የጠየቀኝ።

"ከሰው ጋር ከሆነ መካከለኛው ይበቃሻል። ከራሱ ከኮምፒውተሩ ጋር ከሆነ ግን ለባላጋራዎችሽ ሁሉ የሚያስብላቸው እሱ ነው። ደካማ ከያዝሽ ተራሽ እስኪደርስ ታንቀላፊያለሽ።"

"ከወንድሜ ጋር ነው" አልኩት።

አንኮበር፣ አባታችን ቤት ሳለን፣ ታናሽ ወንድሜና እኔ ይህንኑ ጌም ዘመድ በሰጠን አሮጌ ኮምፒውተር እየተፈራረቅን እንጫወት ነበር። ስክሪኑ አንድ ስለሆነ፣ አንዱ ሲጫወት ሌላው እንዳያይ የአባባን ጋቢ ተከናንቦ ይጠብቃል። ሕጋችን ይኸው ነበር። ከተማዬን አንኮበር የምለው እኔ ነኝ፣ እኔ ነኝ እያልን እንጣላለን። ወንድሜ በተሸነፈ ቁጥር "አጮልቀሻል!" ብሎ ይጮኻል። በዚያ በድርብ ጋቢ ምን ይታያል? ሽንፈት አይወድም እንጂ።

አሁን አዲስ አበባ ነው የሚኖረው። ሁለታችንም ኮምፒውተር ይዘን በኢንተርኔት እንጫወታለን ተባብለን ነበር፤ ከተባባልን ቆየን። ከሱቁ ደጃፍ ወጥቼ ደወልኩለት። ብርዱ ጆሮ ይቆርጣል።

"ወንድም ዓለም፣ ፕሮሰሰር ልገዛ ነው። ትጫወታለህ አይደል?"

ሳቀ፤ የደከመው ሰው ሳቅ። "ኧረ እታለም፣ ልጁ ጥርስ እያበቀለ እንቅልፍ ነስቶናል። ደግሞ ኮምፒውተሩን እኮ ሸጥኩት። አልነገርኩሽም እንዴ?"

አልነገረኝም። "ያሳድግልህ" ብዬ ዘጋሁት። ከልቤ ነው የመረቅኩት። ቢሆንም ከፋኝ፤ እንባዬ እስኪመለስ ድረስ የሚያልፉትን ባጃጆች እያየሁ ቆምኩ።

ስመለስ ባለሱቁ መካከለኛውን ጠቅልሎ ጠበቀኝ።

"ትልቁን ስጠኝ" አልኩት።

ቀና ብሎ አየኝና የጠቀለለውን ፈታው።

አሁን እሑድ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እጫወታለሁ። ፕሮሰሰሩ አላሳፈረኝም፤ ጎበዝ ነው፣ የሚያሸንፈኝም ጊዜ አለ። ከተማዬን አንኮበር ስላት ግን የሚከራከረኝ የለም። ተራዬን ጨርሼ ስለቅለት እጄ ሳላዘው ጋቢዬን ወደ ራሴ ይስባል። ልማድ ክፉ ነው። የገዛሁት ደግሞ ፈጣኑን ነው፤ ጋቢው ግንባሬ ላይ ሳይደርስ ተራው ተመልሶ የእኔ ይሆናል። መካከለኛውን ገዝቼ ቢሆን ኖሮ ቢያንስ ተከናንቤ እጠብቅ ነበር።