ማሰሪያ የሌለው ጫማ

በጤና ጣቢያው አግዳሚ ወንበር ላይ አጠገቤ የተቀመጠው ልብስ ሰፊ፣ ሜትሩን ከአንገቱ ሳያወርድ ነው የመጣው። ኮሌታው ላይ የሰካው መርፌ እንኳ ክሩ አልወጣለትም። መድኃኒቱን እስኪሰጡት ድረስ በሩ በተከፈተ ቁጥር ጎንበስ ይልና የጫማውን ማሰሪያ ያጠብቃል። ጫማው ግን ማሰሪያ የለውም።

እያየሁት መሆኔን ሲያውቅ ሳቀ።

«ልማድ ሆኖብኝ ነው፣ እህቴ። የሰፈራችን ባለሱቅ ብቅ ሲል እንዲህ ነበር የምደበቀው። አስቤዛው በዱቤ፣ ኪራዩ በብድር፣ እንቅልፍ የሚባል ነገር የለ። የደም ግፊት ኪኒኔን ሳይቀር እንዲበረክትልኝ በጨርቅ መቀሴ ለሁለት እቆርጠው ነበር።»

«አሁንስ?»

«አሁንማ እፎይ! የተማሪዎች ዩኒፎርም ሰፍቼ የሁሉንም ዕዳ ከፈልኩ። ኪኒኗንም ሙሉዋን እውጣታለሁ። ዛሬ ሲስተሯ ግፊቴን ስትለካ ወርዶ ብታገኘው ማሽኑን አላመነችውም፤ ደግማ ለካችኝ!»

ይህን እያወራኝ በሩ ተከፈተና አንድ ወፍራም ሽማግሌ ከዘራቸውን ተደግፈው ገቡ። ልብስ ሰፊው እንደ መብረቅ ጎንበስ አለ።

ባለሱቁ መሆናቸው ገባኝ። እሱ ግን ቀና አልል አለ። ደነገጥኩ። ጠጋ ብዬ ሳየው ትከሻው ይንቀጠቀጣል፤ ለካ በራሱ እየሳቀ ኖሯል።

ከዚያ ብድግ አለና አዳራሹን በሚያናጋ ድምፅ ተጣራ፦

«ጋሼ! እዚህ ነኝ! ይምጡ፣ እኔ ቦታ ይቀመጡ!»

ለካ ረጅም ሰው ነበር።