ቁም ሳጥኑን ያስጠጋሁ ዕለት

ይህ የሆነው ከሁለት ዓመት በፊት፣ ሲያትል ውስጥ ቢከን ሂል በምንኖርበት አፓርታማ ነው። በጊዜው ከነበሩት በቀር ለማንም ተናግሬው አላውቅም። ዛሬም ትዝ ሲለኝ ፊቴ ይግላል።

ልጄ ናቲ ያኔ ሁለት ዓመቱ ነበር። አስም አለበት። ሐኪሙ፣ ቤታችንን አይታ የምትረዳን ነርስ በነፃ እንደምትላክልን ነገረን። እኔ "የምትረዳን" የሚለውን የት ሰማሁ! ጆሮዬ የቀረው "ቤታችንን አይታ" የሚለው ላይ ነው። የሥራ ባልደረቦቼ "ቤትሽ ካላማራቸው ልጅሽን ይወስዱብሻል" ሲሉ ሰምቼ ነበርና።

የመኝታ ቤታችን ግድግዳ ከዝናቡ የተነሳ ሻግቶ ጠቁሯል። በበረኪና ፈተግኩት፤ አልለቅ አለ። ስለዚህ ቁም ሳጥኑን ገፍቼ አስጠጋሁበት።

ነርሷ የስልክ አስተርጓሚ ላገናኝሽ ስትለኝም እምቢ አልኩ። አስተርጓሚው ሀበሻ ነው፤ ወሬ ያወጣብኛል ብዬ ነው። የስምንት ዓመቷ ልጄ ሶልያና ትበቃኛለች አልኩ። እሷን አስቀድሜ አስጠንቅቄያታለሁ።

"ሻጋታ አለ ወይ ካለችሽ የለም በያት። ያስለዋል ወይ ካለችሽም አያስለውም።"

"ግን ማሚ፣ ኮፍ ያደርጋል እኮ፣ ኦልዌይስ!"

"ያልኩሽን በያት!"

ነርሷ ጠየቀች። ሶልያና ፊቴን አየችና "ኖ" አለች። ነርሷ ደግማ ጠየቀቻት፤ ደግማ "ኖ" አለች። ሴትዮዋ ቁጥሯን ትታልን ሄደች። እኔ እልል ማለት ነው የቀረኝ።

በአምስተኛው ቀን ከሰዓት በኋላ ናቲ ትንፋሽ አጠረው። ከንፈሩ ጠቆረ። ታቅፌው እየጮህኩ ወርጄ የጎረቤታችንን የሚስ ዶሪስን በር ደበደብኩ። ዘጠና አምስት ዓመት የተጠጋቸው አሜሪካዊት ናቸው። አምቡላንስ የጠሩልን እሳቸው ናቸው።

እግዚአብሔር ይመስገን፣ ልጄ ተርፎ በሦስተኛው ቀን ከሆስፒታል ወጣን። ሚስ ዶሪስ ሊጠይቁን መጡ። "ነርስ ትመጣለች ብላችሁኝ አልነበረም እንዴ?" ሲሉ መዋሸት አቃተኝ። ቁም ሳጥኑን ገፍቼ ግድግዳውን አሳየኋቸው። አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጡና ማውራት ጀመሩ። የምታስተረጉመው ያው ሶልያና ናት።

"ሚስ ዶሪስ ትንሽ እያለች፣ ከዎሩ፣ ከጦርነቱ በፊት፣ ሲቲው ለድሃ ልጆች ነርስ ይልክ ነበር። ቤቢ ብራዘሯ ሲክ ነበር። እናቷ ነርሷ ትወስደዋለች ብላ ሁለቱንም ክሎዘት፣ ቁም ሳጥን ውስጥ ደበቀቻቸው። ሚስ ዶሪስ አፉን በእጇ ያዘችው፣ ኮፍ እንዳያደርግ።"

ሶልያና እዚህ ላይ ቆመች።

"ከዛስ?" አልኳት።

"ነርሷ ሄደች። ከዛ ቤቢው በሳምንቱ ሞተ።"

የበጎ አድራጎት ሴቶች አዋጥተው ለድሃ ልጆች የሆስፒታል አልጋ ይይዙ ነበር አሉ። ነርሷ የመጣችው አልጋ ተገኝቶለታል ልትል ነበር። ሚስ ዶሪስ ይህን ሲነግሩን ቀኝ እጃቸውን እያዩ ነበር።

በማግስቱ በስልክ አስተርጓሚ ለነርሷ ደወልኩ። አንድ ክፉ ቃል አልተናገረችኝም። መጥታ አየች፣ ለአከራዩ ጻፈችልን፣ ግድግዳው ታደሰ። ናቲም ደህና ነው፤ አሁን ከሮጠ አይያዝም። "በሽታውን የደበቀ መድኃኒት የለውም" እያልኩ ሰው ስመክር የኖርኩት ሴትዮ እኔ ነኝ።

ሶልያናን ይቅርታ ጠይቄያታለሁ። "ኢትስ ኦኬ ማሚ" ብላኛለች። አሁን አሥር ዓመቷ ነው። ግን ሰው አንድ ነገር ሲጠይቃት፣ ስሟንም ቢሆን፣ ከመመለሷ በፊት ፊቴን ታያለች።