መርዶ በማለዳ ይነገራል

የያዙን ከነድቤው ነው፤ ዓርብ ከሰዓት፣ ካላክላ ሰፈር ከተከራየኋት ክፍል። በሰው ቤት የምንሠራ የወሎ ሴቶች የምናርፈው ዓርብ ስለሆነ፣ እዚሁ ካርቱም የተወለዱትን ልጆች ሰብስቤ የአገራችንን ወግ አስተምራቸው ነበር፤ መንዙማውን፣ ምርቃቱን፣ የሠርጉንና የለቅሶውን ሥርዓት። ሊይዙን የመጡት ታጣቂዎች የድቤውን ቆዳ በሳንጃ ቀደዱት። ውስጡ ባዶ ሲሆንባቸው ጭራሽ ተናደዱ። «ኢጅቲማዕ!» አሉን፤ ስብሰባ ነው ማለታቸው ነው። ጦርነት ባለበት ከተማ ስብሰባ ማለት ስለላ ነው።

እኔንና አንዲት ተማሪዬን ሱቅ ዐረቢ ከሚባለው ገበያ አጠገብ ካለ የሽንኩርት መጋዘን ከተቱን። ሽንኩርቱ ከወጣ ቆይቷል፣ ሽታው ግን አለ። መስኮት የለውም፤ ብርሃን የሚገባው በበሩ ሥር ብቻ ነው። ውስጡ የእኛም የሱዳንም ሴቶች ተቃቅፈው ተቀምጠዋል።

የተማሪዬ አባት ሱዳናዊ ነው፣ እናቷ የወረሂመኖ ሴት። አማርኛና ዐረብኛ ሳትቀላቅል አንድ ዓረፍተ ነገር አትጨርስም። መርዶ እንዴት እንደሚነገር በጨዋታ ያሳየኋቸው ቀን ሐዘንተኛዋ እሷ ነበረች። «መርዶ ማታ አይነገርም» አልኳቸው። «ጎሕ ሲቀድ ሰዎች ይመጣሉ። ነጠላቸውን አዘቅዝቀው፣ ዝም ብለው ይቀመጣሉ።» የተኛች መስላ በሳቅ ትፈርስ ነበር።

«ኻልቲ፣ ቴሌፎን የለም እንዴ?» አለችኝ፤ ኻልቲ አክስቴ ማለቷ ነው።

እናቷ በየቀኑ እስከ መጋዘኑ በር ምሳ ታመጣላት ነበር። ዘበኞቹ በልተው የተረፋቸውን ያስገቡልናል። ፍንዳታው በየቀኑ ነው፤ የቅርቡን ከሩቁ መለየት ትተናል። ከዚያ ምሳው ቀረ። አንድ ቀን ፀሐይ ልትገባ ስትል ከካላክላ የተያዘች ጎረቤቴን አመጧት። ወደ ጆሮዬ ጠጋ አለች።

«የልጅቱ እናት… እዚህ በሩ ላይ ነው። የከባድ መሣሪያ ጥይት ወደቀባት። ምሳውን እንደያዘች።»

ልጅቱ ጥግ ላይ ተቀምጣ ጸጉሯን ትፈታለች።

«ኻልቲ፣ እማ ዛሬ ባትመጣ ቡክራ ትመጣለች፣ ኢንሻአላህ።»

«ኢንሻአላህ» አልኳትና የደረሰኝን ዳቦ ሰጠኋት። ከነገ ጀምሮ እህል ባፏ እንደማይዞር አውቃለሁ።

የበሩ ሥር ነጣ ሲል ሴቶቹን ቀሰቀስኳቸው። በመጠጥ ውኃችን ፊታችንን አበስን። ነጠላ የለንምና የራስ ሻሻችንን አዘቀዘቅን፤ ከበናትም ተቀመጥን። ሱዳናውያኑም ሳይጠይቁ እንደኛው አደረጉ። የምናገረውን ሌሊቱን ሙሉ ሳዘጋጅ ነው ያደርኩት።

ዓይኗን ገለጠች። አንድ በአንድ አየችን። መጀመሪያ ሳቅ ዳር ዳር አላት፤ ያ ጨዋታ ትዝ ብሏት ነው። ሻሾቻችንን ስታይ ሳቁ ጠፋ።

«ኻልቲ፣ ይሄ ጨዋታ አይደለም?»

«አይደለም፣ ሆዴ።»

«እማ ናት?»

ያስተማርኳት ነገር ቀድሞኝ ነገራት። ምነው ባላስተማርኳት አልኩ። እሷ ተነሣች፣ ሻሿን እንዳሳየኋት ወገቧ ላይ ታጠቀች፣

*እማዬ ምሳዬን ይዘሽ ስትመጪ፣*
*በሩ ላይ ቀረሽ ወይ ሳትገቢ ሳትወጪ*

አለች። አንድም የዐረብኛ ቃል የለበትም። እኔ ያላስተማርኳት፣ የራሷ ግጥም ነው። ደረታችንን እየመታን ተቀበልናት።

ዘበኛው በሩን በርግዶ «ኡስኩቱ!» ብሎ ጮኸ፣ ዝም በሉ። ልጅቱ ዝም አላለችም፣ አልለመነችውምም። ዞረችና ለቅሶ ቤት እንደሚደረገው ሁለት መዳፏን ዘርግታ «አልፋትሓ» አለችው። ሱዳናዊ ሆኖ ይህን ሰምቶ መዳፉን ሳይዘረጋ የሚያልፍ የለም። ቀኝ እጁ ጠመንጃ ይዟል። ግራ እጁ እስከ ደረቱ ተነሣች፤ ከዚያ ድንግጥ ብሎ አወረዳትና በሩን ዘጋው። እሷ ግን ፋትሓዋን ጨርሳ፣ ፊቷን አብሳ ተቀመጠች።

ብዙም ሳይቆይ ወደ ሌላ ቦታ ወሰዷት። እኔን ለቀቁኝ፤ ለምን እንደያዙኝም፣ ለምን እንደለቀቁኝም አልነገሩኝም።

አሁን ካላክላ ነኝ። ድቤ የለም፤ ልጆቹም ተበትነዋል። እሷን ያልጠየቅሁበት የእስር ቤት በር የለም፤ አየኋት የሚል ግን አላገኘሁም። ማለዳ በሬ ሲንኳኳ ቶሎ አልከፍትም። «ማነው?» እልና ድምፅ እጠብቃለሁ። ድምፅ ከሰማሁ እከፍታለሁ። እስከ ዛሬ ሻሹን አዘቅዝቆ፣ ዝም ብሎ ፊቴ የተቀመጠ ሰው የለም። ተስፋ ከተባለ ያለኝ ይኸው ነው።